ዋይት ሶክስ በ2026፦ ዘንድሮ ተስፋ ላድርግ ወይስ ልቆጠብ?

ሳውዝሳይድ05 ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሲዝኑ ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። የዘንድሮውን የቺካጎ ዋይት ሶክስ ቤዝቦል ቡድናችንን ደጋግሜ አየሁት። ስማቸውን በወረቀት ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። የሚያስጨንቀኝም ይሄው ደስታ ነው፤ ከዚህ በፊት መጥቶብኝ ያውቃል።

አዲስ ለሆናችሁ ላስታውስ። በዲሴምበር 2016 ክሪስ ሴልን የሚያህል ግራኝ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ለቦስተን ሰጥተን ዮአን ሞንካዳንና ማይክል ኮፔክን ተቀበልን። በማግስቱ አዳም ኢተን ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ሉካስ ጂዮሊቶ መጣ። በቀጣዩ ጁላይ ሆሴ ኪንታናን ለከብስ፣ አዎ ለከተማችን ተቀናቃኝ ለከብስ፣ ሰጥተን ኤሎይ ሂሜኔዝንና ዲላን ሲስን ወሰድን። ታገሱ ተባልን፣ ታገስን። በ2018 100 ጨዋታ ስንሸነፍ እንኳ ቴሌቪዥኑን አልዘጋሁም። በ2020 ፕሌይኦፍ (የሲዝኑ ማብቂያ ጥሎ ማለፍ) ገባን። በ2021 93 ጨዋታ አሸንፈን ዲቪዥኑን (ምድባችንን) በአንደኝነት ጨረስን፣ ከዚያ ሂዩስተን 3 ለ 1 ሸኘን። ያን ምሽት ለባለቤቴ «ገና መጀመሪያው ነው» አልኳት። ለካ መጨረሻው ነበር።

በ2022 81 አሸንፈን 81 ተሸነፍን። በ2023 101 ሽንፈት። በ2024 41 ድልና 121 ሽንፈት፤ ሜትስ በ1962 ከተሸነፈው 120 እንኳ በለጥን። በዘመናዊው ቤዝቦል በአንድ ሲዝን ይህን ያህል የተሸነፈ ቡድን የለም።

አሁን ሁለተኛው ሪቢልድ (ኮከብ ሰጥቶ በወጣቶች ቡድኑን እንደገና መገንባት) ላይ ነን። የዚህኛውም ትልቁ ትሬድ (ልውውጥ) ግራኝ ኮከብ ፒቸር ለቦስተን መስጠት ሆነ። ጋሬት ክሮሼ ሄደ፣ አራት ልጆች መጡ። አምና ክሮሼ ለቦስተን 18 ጨዋታ አሸነፈ፣ 255 ስትራይክአውት (መቺን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት) አስመዘገበ። በየአምስት ቀኑ እሱን ማየት ሆዴን ያባባው ነበር።

እና ጥያቄዬ፣ ከ2026 ምን ልጠብቅ? የድል ቁጥር ብቻ አይደለም የምፈልገው። ይሄኛው ከበፊተኛው ይለያል የምትሉ ካላችሁ ምን አይታችሁ ነው? እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብኝ ከሆነም ንገሩኝ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጨዋታውን መከታተል ከጀመረች ወዲህ ያየችው ሽንፈት ነው። ሰሞኑን የወጣቱን ተጫዋቻችንን የኮልሰን ሞንትጎመሪን ማልያ ግዛልኝ ብላኛለች። «እሱንም ይሰጡታል» ብዬ ልቧን መስበር አልፈልግም፤ ዋሽቼ ተስፋ መስጠትም አልፈልግም።

ቆጣሪው መለሰ፦

ወንድሜ፣ ስጋትህ እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በ2024 507 ነጥብ አግብተን 813 ገባብን። 306 ልዩነት! አምና ያ ልዩነት ከ100 በታች ወረደ። በአንድ ዓመት ይህን ያህል መጥበብ ቀላል ነገር አይደለም። 60 ድል ላይ ብቻ የቆምነው በአንድ ነጥብ የሚያልቁ ጨዋታዎችን በተከታታይ ስለምናስረክብ ነው። ሰባተኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ እየመራን፣ ዘጠነኛው ላይ እጃችንን አጣጥፈን እንወጣ ነበር። ጨዋታ የሚዘጋ ፒቸር አልነበረንማ። ለዚያ ነው ሴራንቶኒ ዶሚንጌዝን ማስፈረማቸው ሰው ካሰበው በላይ ደስ ያለኝ።

ሌላ ቁጥር ልጨምርልህ። አምና እስከ ኦል-ስታር (የኮከቦች ጨዋታ) እረፍት 32 ድልና 65 ሽንፈት ነበርን። ከእረፍቱ በኋላ 28 ድልና 37 ሽንፈት። ሁለተኛውን ግማሽ ወደ ሙሉ 162 ጨዋታ ብትዘረጋው 70 ድል አካባቢ ይመጣል። የእኔም ግምት እዚያው ነው፣ 70 ወይም ትንሽ ከፍ። ፕሌይኦፍ አልልህም። ዲትሮይትና ክሊቭላንድ ከፊታችን አሉ።

ደግሞ አንድ ነገር ብዙ ሰው አላስተዋለም። በዲሴምበር በወጣው ዕጣ የ2026 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት፣ ደካማው ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ የሚሰፋበት) የመጀመሪያው ምርጫ የእኛ ሆኗል። ደስ ይላል። ግን አሁን ባለው ደንብ የእኛ ዓይነት የትልቅ ከተማ ቡድን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዕጣው ውስጥ አይገባም። በ2024 ያን ሁሉ ተሸንፈን በ2025 ድራፍት 10ኛ ላይ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ መሸነፍ ምንም አያተርፈንም። ኃላፊዎቹም ያውቁታል። ጃፓናዊውን መቺ ሙራካሚን ያመጡትም ከዚህ ጋር ይያያዛል ብዬ አምናለሁ።

ሙኔታካ ሙራካሚ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሲዝኑ ትልቁ ጥያቄ እሱ ስለሆነ። ሁለት ዓመት፣ 34 ሚሊዮን ዶላር። በ2022 ጃፓን ውስጥ ገና በ22 ዓመቱ 56 ሆም ራን (ከአጥር ውጪ የሚወጣ ምት) መትቶ ኦ ሳዳሃሩ የደረሰበትን 55 አለፈ። እንዲህ ያለ መቺ ለምን ለሁለት ዓመት ብቻ፣ ለምን ለእኛ? ኳስ ይስታል። ብዙ ይስታል። የአሜሪካ ፒቸሮች ደግሞ ከፍ ያለና ፈጣን ኳስ ይወረውሩበታል፤ ድክመቱን ካገኙ አይለቁትም። ኤፕሪል ላይ ስትራይክአውቱ በዝቶ ታያለህ፣ እንዳትደናገጥ። እኔ የምመለከተው ሌላ ነገር ነው። ከዞኑ (መቺው ሊመታው ከሚገባው ቦታ) ውጪ ያለውን ኳስ ይተዋል ወይስ ይወዛወዝበታል? ከተወው ሆም ራኑ ይመጣል። ካልተወው ግን ነገሩ ከባድ ነው።

የካቸር ጓንት መለሰች፦

እኔ ቁጥር አልችልም፣ ዓይኔ ያየውን ልንገራችሁ።

የበፊቱና የአሁኑ ልዩነት ኮልሰን ሞንትጎመሪ ነው። ሆም ራኑን አይደለም የምለው። በ2021 በመጀመሪያው ዙር ከሃይስኩል ሲመረጥ ሁሉም ኮከብ ነው አለ። ከዚያ ተበላሸ። አምና ኤፕሪል ትሪፕል-ኤ (ከዋናው ሊግ ቀጥሎ ያለው ሊግ) ላይ ኳስ መምታት እስኪያቅተው ደርሶ ነበር። ብዙ ቡድን እንዲህ ሲሆን «ይለፍለት» ብሎ እዚያው ይተወዋል፣ ልጁም ቀን በቀን ይሰበራል። እነዚህ ግን ከጨዋታ አውጥተው አሪዞና ላኩት። ውድድር የለም፣ ተመልካች የለም፣ ስዊንጉን (የዱላ አወዛወዙን) ብቻ ከአሰልጣኞች ጋር እየፈታ እየገጠመ ሰራ። ጁላይ 4 ወደ ዋናው ቡድን ጠሩት። በ71 ጨዋታ 21 ሆም ራን።

ሳውዝሳይድ፣ በመጀመሪያው ሪቢልድ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ? እኔ ትዝ የሚለኝ የስም ዝርዝር ነው። ሞንካዳ መጣ፣ ኤሎይ መጣ፣ ሉዊስ ሮበርት መጣ። ስሞቹ ትክክል ነበሩ። ሲቸገሩ ግን ማን ነበር የሚያስተካክላቸው? ሞንካዳ በ2018 217 ስትራይክአውት ሲደርስበት አስታውሳለሁ። አሁን የተበላሸ ልጅ ወስዶ አስተካክሎ የሚመልስ ቤት አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን አየሁት።

ሁለተኛው ካቸራችን (ከመቺው ጀርባ ኳስ ተቀባዩ) ካይል ቲል ነው። በክሮሼ ከመጡት አራቱ አንዱ። ሜዳ ከሄዳችሁ ኳሱን ትታችሁ አንድ ኢኒንግ እሱን ብቻ እዩ። ፒቸሩ ሁለት ቦል (ከዞኑ ውጪ የሆነ ኳስ) ከወረወረ ቲል ማስኩን ወደ ላይ ገፍቶ፣ ጓንቱን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ጉብታው እየሮጠ ነው። እየተራመደ አይደለም፣ እየሮጠ። አንድ ነገር ብሎት፣ ደረቱን መታ አድርጎት ይመለሳል። እኔ ወጣት ካቸር እንደዚያ ሲያደርግ ሳይ ቡድኑ የእሱ እንደሆነ ይገባኛል።

ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ደንብ መጥቷል። እያንዳንዱ ቡድን በጨዋታ ሁለት ጊዜ የአምፓየሩን የስትራይክና የቦል ውሳኔ ማስፈተሽ ይችላል። መጠየቅ የሚችሉት ፒቸሩ፣ ካቸሩና መቺው ብቻ ናቸው፤ ወዲያው ኮፍያቸውን ወይም ሄልሜታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ከአግዳሚው ማንም ሊነግራቸው አይችልም። ትክክል ከሆኑ ዕድላቸው አይቀነስም። ስለዚህ ዞኑን በደንብ የሚያውቅ፣ ስሜቱንም የሚገዛ ካቸር ያለው ቡድን ይጠቀማል። ቲልና ሌላው ካቸራችን ኤድጋር ኬሮ ገና ልጆች ናቸው። በሁለተኛው ኢኒንግ ሁለቱንም ዕድል የሚያቃጥሉበት ቀን ይኖራል። ሴፕቴምበር ላይ ግን የተማሩትን እናያለን።

ግራኝ73 መለሰ፦

ሁላችሁም ስለ መቺ። ፒቸርስ?

ድሩ ቶርፕ ዲላን ሲስን በሰጠንበት ትሬድ የመጣው ዋናው ልጅ ነበር። ክርኑ ተቀደደ፣ ቶሚ ጆን ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ አምናን አልተጫወተም። ወጣት ፒቸር ላይ ቤት የሚሰራ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። አንድ ክንድ ሲሄድ የሁለት ዓመት ዕቅድ አብሮ ይሄዳል።

ጥሩ ነገርም አለ፣ አልክድም። ሼን ስሚዝ። ማንም ድራፍት ያላደረገው ልጅ ነው። ሚልዋኪ ማይነር ሊግ ውስጥ ነበር። በዲሴምበር 2024 በሩል 5 ድራፍት (ከሌሎች ክለቦች ልጅ በሚወሰድበት) በ100 ሺህ ዶላር ወሰድነው። ደንቡ ሙሉውን ሲዝን ዋናው ቡድን ውስጥ ካላቆያችሁት ለነበረበት ክለብ መልሱ ይላል። አብዛኛው እንዲህ የሚወሰድ ልጅ ሜይ ሳይደርስ ይመለሳል። ስሚዝ ግን ኦል-ስታር ሆነ! የዘንድሮ ጥያቄ መቺዎቹ ካወቁት በኋላ ምን ያደርጋል ነው። ሁለተኛ ዓመት ለፒቸር ክፉ ነው።

66 ድል። ከዚያ በላይ ከሆነ ደስታዬ ነው።

የድሮው ኮሚስኪ መለሰ፦

ልጆች፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ለጨዋታው ያላችሁ ፍቅር ደስ ይላል። እኔ ቺካጎ ተማሪ ሆኜ የመጣሁት በ1983 ነው። ያን ዓመት ቡድኑ 99 ጨዋታ አሸነፈ። ገና ሕጉ ሳይገባኝ ጓደኞቼ ወደ ድሮው ኮሚስኪ ፓርክ ወሰዱኝ። ሃሮልድ ቤይንስ ሲመታ፣ ስኮርቦርዱ ርችት ሲተፋ፣ አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሰው ሲያቅፈኝ ትዝ ይለኛል። በዚያው ቀረሁ።

ቤይንስን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ይህ ቡድን ከዚህ በፊት የድራፍት አንደኛ ምርጫ የያዘው ሁለት ጊዜ ነው። በ1977 ቤይንስን መረጠ፣ እሱም ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል የክብር መዝገብ) ገባ። ከዚያ በፊት በ1971 ዳኒ ጉድዊን የሚባል ካቸር መረጠ። ልጁ አልፈርምም ብሎ ኮሌጅ ገባ፤ በ1975 ሌላ ቡድን እንደገና አንደኛ አድርጎ መረጠው። እንግዲህ አንደኛ ምርጫ ማለት ይህም ያም ነው። ጁላይ ላይ የሚመረጠው ልጅ እስኪደርስ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወተቷን ገና አልጠጣናትም።

ልጄ ሳውዝሳይድ፣ ጥያቄህን ልመልስ። መጀመሪያው ሪቢልድ የከሸፈው ልጆቹ መጥፎ ስለነበሩ አይደለም። ጓንት የምትለው ትክክል ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ልጆቹ ሲደርሱ የክለቡ ባለቤት አጠገባቸው አልቆመም። በ2020 ፕሌይኦፍ ገብተን ሳለ የ76 ዓመት ሰው አምጥቶ አሰልጣኝ አደረገ። ቶኒ ላ ሩሳን አከብራለሁ፣ ትልቅ ሰው ነው፤ ለዚያ ወጣት ቡድን ግን አልነበረም። በ2021 ዲቪዥን አሸንፈን በዚያ ክረምት ጎዶሎውን የሚሞላ ትልቅ ተጫዋች አልመጣም። የዚህ ክለብ የታሪኩ ትልቁ ኮንትራት እስካሁን የአንድሩ ቤኒንቴንዲ 75 ሚሊዮን ነው። የቺካጎን ስፋት አስቡት። ሌሎች ለአንድ ተጫዋች ከዚያ ብዙ እጥፍ ይከፍላሉ።

ጄሪ ራይንስዶርፍ ቡድኑን የያዘው ከ1981 ጀምሮ ነው። በ2005 ከ88 ዓመት በኋላ ዋንጫ ያመጣልን በእሱ ጊዜ ነው፣ ያን ውለታ አልረሳም። አሁን ከባለሀብቱ ጀስቲን ኢሽቢያ ጋር ስምምነት አለ። ከ2029 እስከ 2033 ባለው ጊዜ ሊሸጥለት ይችላል፤ ከ2034 በኋላ ኢሽቢያ ራሱ መግዛት ይችላል። ሩቅ ነው። የሞንትጎመሪና የቲል ምርጥ ዓመታት ከዚያ በፊት ናቸው። ስለዚህ እኔ የማየው የድል ቁጥርን አይደለም። ከእነዚህ ልጆች አንዱን በረጅም ኮንትራት ያስሩታል ወይ? ካሰሩት ማልያውን ለልጅህ ሁለት ግዛላት።

ቆጣሪው መለሰ፦

ጋሼ፣ በኮንትራቱ ነገር እስማማለሁ። ግን ሉዊስ ሮበርትን ለሜትስ መስጠታቸውን እንዴት ያዩታል? ከመጀመሪያው ሪቢልድ ዋና ስሞች የቀረው እሱ ነበር። ለዘንድሮ 20 ሚሊዮን ነበር ደሞዙ። ሉዊስአንኼል አኩኛና አንድ ወጣት ፒቸር መጡ። እኔ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

የድሮው ኮሚስኪ መለሰ፦

ትክክል ነው፣ ገንዘቡ ለቡድኑ ከዋለ። ሮበርት ሴንተር ፊልድ ላይ ሲሮጥ ማየት ግን ዓይን ያጠግብ ነበር። እግሩ ደጋግሞ ባይጎዳው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። አኩኛ ፈጣን ነው፣ በየቀኑ ተሰልፎ አያውቅም። እስኪ ያሰልፉት። 70 ድል የምትጠብቅበት ዓመት እንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚፈተንበት ነው።

ሳውዝሳይድ05 መለሰ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት።

እህቴ ጓንት፣ የአሪዞናውን ነገር በዚያ መንገድ አስቤው አላውቅም ነበር። እውነት ነው፣ በፊት የምጠብቀው የሚመጣውን ስም ነበር። ማን ደረሰ፣ ማን ቀረ። ሲመጡ ምን እንደሚደረግላቸው ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2024 መጨረሻ ሳምንት ስታዲየም ነበርኩ። 120ኛውን ሽንፈት ሳንዲዬጎ ላይ አስተናግደን ወደ ቤት የተመለስን ጊዜ ነው። ሰው 121ኛውን ለማየት መጥቶ ነበር። ቡድኑን ሽጥ እያለ ይጮሃል። እኛ ግን ከኤንጀልስ ጋር ሦስቱንም አሸነፍን! ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ አዛውንት ከፊቴ ተቀምጠው በእርሳስ ውጤት ይመዘግባሉ። በ38 ድል ላይ ያለ ቡድን፣ እያንዳንዱን ኳስ። ምንም ሳይዘሉ። ሲያልቅ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። 121ኛው በማግስቱ ዲትሮይት ላይ መጣ፣ እነሱም በዚያው ማታ ፕሌይኦፍ ገቡ። እኔ ግን ከዚያ ሳምንት የማስታውሰው ያን ወረቀት ነው።

የእኔ ግምት 69። የምጠብቀው ግን ሦስት ነገር ነው። ሞንትጎመሪ ፒቸሮቹ ሲያውቁት መልሶ ያውቃቸው እንደሆነ። ቲል መቶ ሃያ ጨዋታ ጤነኛ ሆኖ ይቆም እንደሆነ። እና የጋሼ ኮንትራት። ማልያውን እገዛላታለሁ፣ ወስኛለሁ። ቢሰጡትም ያየችውን አይወስዱባትም።

የካቸር ጓንት መለሰች፦

ስትወስዳት በሩ እንደተከፈተ ግቡ። ከጨዋታው በፊት ሲለማመዱ ከሶስተኛው ቤዝ ጀርባ ቁሙ። ሞንትጎመሪ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሶስተኛው ቤዝ መካከል) ላይ መሬት ለመሬት የሚመጣውን ኳስ ደጋግሞ ሲያነሳ ከቅርብ ታየዋለች። ረጅም ልጅ ነው፣ ለዚያ ቦታ ይከብዳል ሲሉት ነበር። ወገቡን ዝቅ አድርጎ ጓንቱን አሸዋው ላይ ሲያስነካ ትይ በላት።

ግራኝ73 መለሰ፦

ኤፕሪል ብርድ ነው፣ ሜይ አድርጉት። እና ስሚዝ የሚወረውርበትን ቀን ምረጡ።

ሳውዝሳይድ05 መለሰ፦

ሜይ ይሁን። ውጤት መመዝገቢያ ደብተር ገዝቼላታለሁ። ጋሼ፣ ስትራይክአውት የሚጻፍበትን ኬ ፊደል አስተማርኳት፣ ግን መቺው ሳይወዛወዝ ሲቀር የሚገለበጠው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝና መመለስ አቃተኝ። እርስዎ ያውቁታል?